ከመስኮቱ ራስጌ

በሐምሌ መጀመሪያ ሰሞን ወደ ሞጆ ወርጄ በእኅቴ ልጅ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው በዋለው የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው የዝናም ጠብታ አርፎ ከግለቱ የተነሣ ጭስስ ብሎ ሲተንና፣ ከእርሱም ጋራ የአቧራው፣ የዝገቱና የአሮጌው ካትራሜ ሽታ ተደባልቆ ወደ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ በዙሪያዬ የተቀመጡት ሰዎች የሚናገሩት ሁሉ ከጆሮዬ ራቀ። ሰው ያየውንና የሰማውን እየረሳ ያሸተተውን ለምን እንደማይረሳ ሊቃውንት ምክንያቱን ይናገሩ ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ግን በዚያች ቅጽበት ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ መሆኔ ቀርቶ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ በቀኝ እጄ የመሰላሉን ጫፍ ይዤ፣ ግራ እጄን ከአንድ ትልቅ የጣራ መስኮት ራስጌ ወዳለው ቦይ ሰድጄ መገኘቴን ነው።

ያ መስኮት የፎቶግራፍ ቤቱ መስኮት ነበረ። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ የተለቀለቀ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ፣ ከሌላው ቤት በምንም የማይለይ አንድ ቤት ነበረ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፎቶግራፍ አንሺ ስለነበረና ለሥራውም ብርሃን ስለሚያስፈልገው፣ የጣራውን መካከል አስቀድዶ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ መስታወት አስገባበት። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ መብራቱ ወደ ከተሞች መሄድ ቢጀምርም እኛ ሰፈር ገና አልደረሰምና፣ ሰውየው ያለ ሰማይ ሌላ መብራት አልነበረውም። የሞጆ ሰው ግን ይህን አልተረዳለትም። ሌላው ሕዝብ ዝናም እንዳያገባበት ጣራውን ሲያስጠግን እርሱ ገንዘብ ከፍሎ ጣራውን ስላስቀደደ፣ «ሰማይ የገዛው ሰውዬ» የሚል ስም አወጡለት።

ስለ ብርሃኑ ነገር ሰውየው ራሱ ሲናገር የሰማሁትን እዚህ ላይ ባነሣ ከመንገዴ ብዙ የምርቅ አይመስለኝም። የፈረንጅ መጽሐፍ የፎቶግራፍ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን፣ ፀሐይ በዚያ በኩል አትመጣምና ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም ይላል፤ በእኛ አገር ግን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ድረስ በቀትር ከራሳችን በስተ ሰሜን ስለምትውል፣ መጽሐፉን አምኖ ወደ ሰሜን መስኮት ያወጣ ሰው እነዚያን ወራት ሁሉ ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋብዛታል። ስለዚህ እርሱ ከመስታወቱ ሥር ነጭ አቡጀዲ ዘርግቶ፣ ኃይለኛውን ብርሃን በጨርቁ እያጠለለ ወደ ታች ያወርደው ነበር። ከዚያ አቡጀዲ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚመለከት ልጅ፣ ብርሃኑ ከደመና ውስጥ እንደሚወጣ እንጂ ከጣራ እንደሚገባ አይመስለውም።

መስኮቱን የሠራው አባቴ ነበረ። አባቴ በወጣትነቱ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሥራ ቤት ውስጥ ላሜራ መቁረጥና መበየድ ተምሮ፣ በኋላ ሞጆ ተቀምጦ በቆርቆሮ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። አሸንዳ ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያ ይበይዳል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲያዘምም ያቃናል። የጣራ መስኮት ግን ከዚያ በፊት ሠርቶ አያውቅም። ሥራውን ሊጀምር በተዘጋጀበት ቀን ወዳጁ የሆኑ አንድ መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ ቆመው ተመለከቱና፣ «ኖኅ ለመርከቡ ከላይ መስኮት ያወጣው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ አንተስ በማን ትእዛዝ ነው?» አሉት። አባቴም፣ «በባለፎቶው ትእዛዝ ነው፣ የኔታ፤ ነገር ግን ኖኅም ቢሆን ቅጥራን መለቅለቁን አልተወምና እኔም ካትራሜዬን አፍልቻለሁ» ብሎ ሲመልስ፣ መሪጌታው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ የቀልዳቸው ፍሬ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቅጥራንና ካትራሜ አንድ ቃል ኖረዋል፤ ሁለቱም የዐረቡ ቀጥራን ልጆች ሲሆኑ፣ አንደኛው በመጻሕፍት መንገድ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ጣልያን አገር ደርሶ፣ ከጣልያን ጋራ ደግሞ ወደ ሞጆ መጣ። አባቴና መሪጌታው ይህን ሳያውቁ አንዱን ነገር በሁለት ስም እየጠሩ ይሳሳቁ ነበር።

የጣራ መስኮት ነገር እንዲህ ነው። ጣራ ሙሉ ሆኖ ሳለ ዝናም በቆርቆሮው ሸንተረር ሸንተረሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል፤ በመካከል መስኮት ሲወጣበት ግን ከላይ የመጣው ውሃ ሁሉ በመንገዱ ላይ ደፍ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ መስኮት ራስጌ እስከ ጣራው ጫፍ 4 ሜትር ያህል ነበረና፣ የመስኮቱ ወርድ 2 ሜትር እንደ መሆኑ መጠን በ8 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናም በሙሉ ወደዚያ ደፍ ይመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ብርቱ የሐምሌ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 240 ሊትር ውሃ፣ ይኸውም አንድ በርሜል ሞልቶ የሚተርፍ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመስኮቱን ራስጌ ይገፋል። አባቴ ሚሊ ሜትሩን በመጽሐፍ አልተማረም፤ በርሜሉን ግን ያውቅ ነበር።

ይህን ውሃ በካትራሜና በስቱኮ ብቻ እከለክላለሁ የሚል ሰው ውሃን አያውቅም ይል ነበር። እርሱ ያደረገው፣ አስቀድሞ የመስኮቱን ጠርዝ ከቆርቆሮው በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በላሜራ አጥር አጠረው፤ ቀጥሎ ከራስጌው ላይ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራዎች ቆርጦ፣ መካከላቸው ከፍ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዝቅ እንዲሉ በስታኞ በየዳቸውና በመስኮቱና በቆርቆሮው መካከል አስቀመጣቸው። ቅርጹ የበቅሎ ኮርቻ ስለሚመስል ስሙንም ኮርቻ አለው። ከላይ የሚወርደው ውሃ የኮርቻውን ጀርባ ሲያገኝ እኩሉ በቀኝ እኩሉ በግራ ተከፍሎ በመስኮቱ ጎንና ጎን ባሉት ቦዮች ያልፋል። የኮርቻው ላሜራ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ገባ፤ የጎኖቹ ላሜራዎች ከጎን ቆርቆሮዎች ሥር ገብተው ጠርዛቸው ወደ ላይ ታጠፈ፤ ከግርጌ በኩል ያለው ግን፣ ሽርጥ የሚለው፣ በታችኛው ቆርቆሮ ላይ ተነጥፎ ሸንተረሩን እየተከተለ በእንጨት መዶሻ ተመታ። የላይኛው ምንጊዜም በታችኛው ላይ ይተኛል። ሚስማሩም ሁሉ በሸንተረሩ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃው በሚሄድበት ሸለቆ አይመታም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ አንድ ነገር ነው። ሁለት የመስታወት ስብርባሪዎች አጣብቆ ጫፋቸውን በሲኒ ውሃ ውስጥ አቆመና፣ ውሃው በመካከላቸው ባለው ፀጉር በምታህል ክፍተት ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ አሳየኝ። «አየህ፣ ቁልቁል ብቻ የሚሄድ ይመስልሃል። ሲታገድ ይወጣል፣ ነፋስ ሲገፋው ይወጣል፣ እንዲህ ስታጠብቅበትም ይወጣል» አለኝ። ስለዚህ የሚደራረቡትን ላሜራዎች እስኪጨፈለቁ አላጣበቃቸውም፤ ትንሽ እፎይታ ትቶላቸው ነበር። ከመስታወቱ በታችም በውስጥ በኩል ጣት የምታስገባ ትንሽ ቦይ ሠራ፤ ይህችኛዋ የዝናሙ ሳትሆን፣ በማለዳ ብርድ ጊዜ መስታወቱ ከውስጥ የሚያልበውን ላብ ተቀብላ በቀዳዳ ወደ ውጭ የምታወጣ ነበረች።

የኮርቻውን ቦይ ስፋት ግን በእኔ እጅ ለካው። እጄን ዘርግቼ በላሜራው ላይ እንዳሳርፍ አደረገና በዙሪያው በሚስማር ጫረ። እጅ የማይገባበት ቦይ በሁለተኛው ክረምት ይደፈናል፣ ሲል ተናገረ፤ እኔም በዚያች ቀን የዚያ ቦይ ጠራጊ ሆኜ ተሾምሁ። ደመወዜ በሳምንት አንድ ስሙኒ ነበር፣ ከፋዩም ባለፎቶው።

በሞጆ ቦይ የሚደፍነው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ሹመት ቀላል ሊመስለው ይችላል። በሉሜና በአድአ ሜዳ ጤፍ ይታጨዳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር በየአውድማው ይወቃል፤ የዚያን ጊዜ ነፋስ የሚያነሣው ገለባና እብቅ በከተማው ሁሉ ላይ እንደ ወርቃማ ጭጋግ ሆኖ ይወርድና በየቆርቆሮው ሸለቆ ይተኛል። በላዩ የበልጉ አቧራ ይጨመርበታል፤ የግራር ቅጠል ደግሞ ደቃቅ እንደ መሆኑ ከሁለቱ ጋራ ተደባልቆ ጭቃ ያስይዛቸዋል። ይህ ሁሉ ደርቆ እስከ ሰኔ ድረስ ማንንም ሳይጎዳ ይቆያል። ከዚያ ሰኔ 26 ቀን ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ስታስገባ፣ የሞጆም ጣራዎች የዓመቱን ገለባ ሁሉ በአንድ ሳምንት ያወርዳሉ፤ የሚወርደውም መስኮት ባለበት ጣራ ወደ መስኮቱ ራስጌ ነው።

በገበያ ቀን ከወንጂና ከቆቃ አካባቢ ሳይቀር ሰዎች ፎቶግራፍ ሊነሡ ይመጡ ነበር። ከንፈራቸውን ገጥመው ሲቀመጡ ኩራት ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ የብዙዎቹ ጥርስ በልጅነታቸው በልዞ ነው። ለዚህ ነበር እናቴ በክረምት ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ በርሜል ደቅና የምታጠራቅመው፤ እርሷ ምክንያቱን አታውቅም፣ የሰማይ ውሃ ጥርስ አያበልዝም ትላለች እንጂ። ታላቅ እኅቴ ጥርሷ እንደ ወተት ነበረ። ስትሥቅም አትሸፍነውም።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት እኅቴ ድሬዳዋ ካለችው አክስታችን ዘንድ ሄዳ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ልትይዝ ተወሰነ። በማግሥቱ በባቡር ልትሳፈር ሳለ፣ እናታችን ለማስታወሻ ትነሣልኝ ብላ አዲስ ቀሚስ አልብሳ ወደ ፎቶግራፍ ቤቱ ላከቻት። እኔም አብሬ ሄድሁ። ከአቡጀዲው ሥር በወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባለፎቶው በጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ሳለ፣ እኔ ከበስተኋላው የመሪጌታውን አካሄድ እያስመሰልሁ ስመላለስ አየችኝና ሣቀች። «ይኸው ያዝሁት!» አለ ሰውየው ከጨርቁ ውስጥ።

ስንወጣ ሰማዩ በደብረ ዘይት በኩል ጠቁሮ ነበር። እኅቴ ወደ ጣራው ቀና ብላ፣ «ቦይህን ጠረግህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያ ሳምንት የሞጆ ወንዝ ሞልቶ ግንድ ሲያንከባልል ለማየት ከጓደኞቼ ጋራ ስሮጥ ሰንብቼ መሰላሉን አልነካሁትም። «አዎን፣ እትዬ» አልኋት።

በዚያች ሌሊት የወረደው ዝናም፣ በረዶም የተቀላቀለበት ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ሰው ከሰው እንዳይደማመጥ አደረገ። እኔ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የማዳምጠው ግን የእኛን ቆርቆሮ አልነበረም።

ሲነጋ ባለፎቶው ራሱ መጥቶ አባቴን ጠራው። ስንገባ አቡጀዲው እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሎ ነበር፤ በመካከሉ የዝገት ውሃ ቋጥሮ፣ ከጡቱ ጫፍ ገና ጠብ ጠብ ይላል። ገለባው በኮርቻው በሁለቱ በኩል ተጠቅጥቆ መውጫ ስለ ነሣው፣ ውሃው ከበረዶው ጋራ ተከማችቶ የስንዝሯን አጥር ዘሎ ገብቷል። ማታ አጥቦ እንዲደርቁ በገመድ የሰቀላቸው ፎቶግራፎች ወለሉ ላይ ወድቀዋል። የእኅቴ ነጌቲቭ በኩሬው ውስጥ አድሮ ሥዕሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ሽፋን ተልጦ ከመስታወቱ ተለይቶ ነበረ። የታተመችው አንዲት ፎቶ ብቻ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተለጥፋ፣ ተረፈች፤ እርሷም ከግራ ጉንጭ አንሥቶ እስከ ከንፈሩ ድረስ የሻይ ቀለም የመሰለ የውሃ ካርታ ወርዶባት ነበር። ባቡሩ የሚነሣው በዚያው ቀን ነውና ዳግመኛ ለመነሣት ጊዜ አልነበረም።

አባቴ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። እኔ ከታች ይዤለታለሁ። እጁን ወደ ቦዩ ሲሰድ አየሁት፤ ብዙ ሳይቆይ ጨብጦ አወጣው፤ ወደ ታች ግን አልጣለውም። በቀስታ ወርዶ፣ እጁን እንደ ጨበጠ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ተመለሰና፣ ባለፎቶውን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ሠርቼው ኖሯል» አለው። በዚያው ሰሞን ባልተከፈለበት ላሜራ አጥሩን በአራት ጣት ከፍ አደረገው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፣ አልቈጣኝምም። ስሙኒዬንም ባለፎቶው በሳምንቱ እንደ ወትሮው ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ የተቀበልሁትን ስሙኒ ሁሉ ምን እንዳደረግሁበት አላስታውስም፣ ያቺን አንዷን ግን በባቡሩ ሐዲድ ላይ አስቀምጬ እስክትጠፈጠፍ መጠበቄን አስታውሳለሁ።

እኅቴ ድሬዳዋ አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው አረፈች። ሌሎች ፎቶግራፎች ተነሥታለች፤ በሁሉም ላይ ግን ከንፈሯን ገጥማ ነው። አባቴም ከእርሷ በፊት አርፏል። እኔ በሕይወቱ ሳለ ብዙ ጊዜ ልነግረው አስቤ ያውቃል ብዬ ተውሁት፤ ማወቁማ ያውቅ ነበር፣ ነገር ግን ማወቁና መነገሩ አንድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጣራ ሳይ የምመለከተው ራስጌውን ሆነ። ለገና በዓል ላሊበላ በወረድሁበት ዓመት፣ አብረውኝ የነበሩት ምእመናን በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ እርስ በርሳቸው ተዋቅረው የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች እያዩ ሲሳለሙ፣ እኔ ዓይኔን ያሳረፍሁት ከጣራው ጎን በወጡት የውሃ መውረጃዎች ላይ ነበር። ቤተ መቅደስን ከአንድ ቋጥኝ የፈለፈለ ሰው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያስብ መሮውን አላነሣም። ይህን ለአባቴ ብነግረው ምን ያህል ደስ ባለው።

ዛሬ ሞጆ ሌላ ከተማ ናት። የፎቶግራፍ ቤቱ በነበረበት ቦታ ባለ ፎቅ ቆሟል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ሣር ወርሶታል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዘመነ ክረምት በሚወጣበት ዕለት፣ ተመርቆ በሌላ በኩል ያልፋል። ገለባ ይበተንበት በነበረው ሜዳ ላይ የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነሮች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ አያስከፋኝም፤ ልማትን የሚጠላ ሽማግሌ አይደለሁም። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ ከድሬዳዋ መጥቶ በአያቱ ከተማ የሠራውን ቤት ሊያሳየኝ ወደ ሳሎኑ አስገብቶ፣ ከጣራው መካከል የተከፈተውን ታላቅ መስታወት በኩራት ሲጠቁመኝ፣ እኔ ያየሁት ከሥሩ የተቀመጠውን የፕላስቲክ ባልዲ ነው።

«ሲሊኮን አስደርገንበታል፣ ጋሼ» አለኝ። «ሁለት ጊዜ። አሁንም ያንጠባጥባል።»

ከላይ ያለው ጣራ ሰፊ ነው፤ የመስኮቱ ጠርዝ ከቆርቆሮው እምብዛም ከፍ አላለም፤ ራስጌው ቀጥ ያለ ሰሌዳ ነው፣ ኮርቻ የለውም። ሠራተኞቹ ማጣበቂያውን አምነው ነው የሄዱት። ማጣበቂያ ግን በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ስንጥቅ በሁለት መስታወት መካከል እንደ ተያዘችው የሲኒ ውሃ ሆኖ ይስባል። ይህን ላስረዳው ጀምሬ፣ ቃል አልበቃ ብሎኝ፣ መሰላል አምጣልኝ አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ!»

«አንተ ያዝልኝ።»

ዝናሙ አባርቶ ነበር። ቆርቆሮው ከእጄ መዳፍ በታች ገና ሙቅ ነው። ወደ መስኮቱ ራስጌ ደርሼ እጄን ስሰድ፣ በመስታወቱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት አራት ጣቶቼን እንጂ አውራ ጣቴን አላስገባም። በጣቶቼ ጫፍ ሳብሁት። የግራር ቅጠል፣ ጭቃ፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ የጠርሙስ ክዳን። ውሃው ታግዶ ከቆየበት በዝግታ ተነሥቶ በግራ በኩል መውረድ ጀመረ፤ ድምፁን ሰማሁት።

«ምን አገኙ፣ ጋሼ?» አለኝ ከታች፣ የመሰላሉን እግር በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ እኔ እንዳቀና። ሲሥቅ ጥርሱ የእናቱ ነው።

«ገለባ ነበር» አልሁት።

«ገለባ? አሁን በዚህ አካባቢ አውድማ የት አለና?»

«ያኔ ነበር» አልሁት፤ ፌስታሉን በእጄ እንደ ጨበጥሁም መውረድ ጀመርሁ።